ክንዷ የከዳት ፀጉር ሠሪ

እና ደግሞ "ሰነፈች" አሏት! እጀ ቀላሏን! ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የሠፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያሳመረችውን ፀጉር ሠሪ! ያለቻትም ሌላ አይደለችም፣ የገዛ አማቷ ናት። "ልጄ መቆም የሚታክታት ሴት አገባ" እያለች በየደጁ ታወራ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ነገሩ የጀመረው ከጣቶቿ ነው። መገጣጠሚያቸው እያበጠ ማበጠሪያ አልይዝ ሲሏት ሐኪም ክሎሮኪን አዘዘላት፣ የወባውን ክኒን።

"ኧረ እኔ ወባ የለብኝም!" ብትለው፣

"ለቁርጥማትም ይሆናል" አላት።

እውነትም ሆነላት፣ ጣቶቿ ተፍታቱ። ከዚያማ ሐኪሙንም ቀጠሮውንም እርግፍ አድርጋ ተወች። ክኒኑን ብቻ ከፋርማሲ እየገዛች እንደ ከረሜላ ዓመት ከዓመት ዋጠችው።

ቀስ እያለ ክንዷ ከዳት። አያማት፣ አያብጥ፤ ብቻ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አለ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወንበሮቹን ጓዳ ከተተችና ደንበኞቿን በርጩማ ላይ ታስቀምጥ ጀመር።

"ፋሽኑ እንዲህ ሆኗል" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

አንዷ ወፈር ያለች ደንበኛ ጉልበቷ አገጯን እየነካው "እቴ፣ እኔን ማን ያነሳኛል?" ብትላት፣

"አንቺን ያነሳ እኔንም ያንሳኝ" አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ምክንያቱም ጭኗም ተከትሎ ነበር። ደረጃ የምትወጣው በእግሯ ሳይሆን መደገፊያውን በእጇ እየጎተተች ሆነ። "ቁርጥማቱ ባሰብኝ" ብላ ክኒኑን እጥፍ አደረገችው! የሚነድፋትን እባብ ወተት ጨመረችለት።

በመጨረሻ እህቷ እየጎተተች ሆስፒታል አደረሰቻት። ሐኪሟ "እጅሽን ሳትደገፊ ከወንበሩ ተነሺ" አለቻት። ወገቧ ወደፊት ሄደ፣ ቂጧ ግን ከወንበሩ አልላቀቅ አለ። ከጡንቻዋ ቆንጥረው ወስደው መረመሩ።

"ክኒኑ ነው" አለች ሐኪሟ። "ለብዙ ዓመት ሲወሰድ አንዳንዱን ሰው ጡንቻውን ያደክመዋል። ማቆም አለብሽ።"

"ካቆምኩ ጣቴ ይቆለፍብኛላ!"

"ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን።"

"ክንዴስ ይመለሳል?"

"ብዙ ሰው ይመለስለታል፣ ግን ወራት ይፈጃል። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልምልልሽም።"

ፀጉር ቤቷ ተዘጋ። ክንዷ ገና ሳይመለስ ጣቶቿ እንደገና ማበጥ ጀመሩ፤ አዲሱ መድኃኒት እንደሆነ አልፈጠነላትም። የሰው ራስ ስታሳምር ኖራ የራሷን የምታበጥርላት እህቷ ሆነች። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ ማበጠሪያውን ወደ ላይ ትገፋለች፣ ክንዷ ይንቀጠቀጥና ይወድቃል።

"ዛሬስ የት ደረሰ?" ትላታለች እህቷ።

"ጆሮዬ ጋ።"

"ትናንትም ጆሮሽ ጋ ነበር እኮ!"

"ታዲያ ጆሮዬን ከፍ አላደርገው ነገር!"

ይስቃሉ። ከዚያ እህቷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እሷ በሩን ዘግታ ፎጣ አፏ ውስጥ ወትፋ ታለቅሳለች። ሌላ ሙያ የላትማ። ያለ ክንድ እሷ ማን ናት?

አማቷ እንኳ ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው። ምራቷ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት መሆኑ ነው። ልቅሶ ቤት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። ሰው ሲነሳ ልትነሳ ሞከረች፣ ጭኗ እምቢ አለ። "አንሱኝ" እንዳትል፣ ያ ሁሉ "ሰነፍ" ሲላት የኖረ የባሏ ዘመድ ከቧታል። ታዲያ ምን ታድርግ? የሟችን ፎቶ ቀማ አድርጋ እቅፍ!

"እማምዬ! ጥላችሁኝ ሂዱ! ከእሷ አልለይም!"

የረገበው ልቅሶ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። "ለካ እንዲህ ትወዳት ኖሯል!" እያሉ አክስቶቹ ደረታቸውን መቱ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ባሏ አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣

"እናቴን በቁሟ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ባቀፍሻት" አላት።

"ዝም ብለህ አንሳኝ" አለችው፣ ፎቶውን እንዳቀፈች።