ወሰኑ ይቅደም

ባለቤቴ ሞጣ ያስተምራል፤ እኔ ቢቸና። ሁለታችንም የሒሳብ መምህራን ነን። ዝውውር ጠይቀን መልስ በምንጠብቅበት ጊዜ የክረምት ማስተርሴን መመረቂያ ጽሑፍ እጽፍ ነበር። አማካሪዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ መለሱልኝ። ዳር ላይ የጻፉት ይህን ብቻ ነው፦ «ወሰን ያላቸውን የቁጥር ተርታዎች ስፔስ በግልጽ አልበየንሽም።» ስፔስ ያሉት የእነዚህን ተርታዎች ስብስብ ነው፤ የቱ ተርታ ገብቶ የቱ እንደሚቀር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ደጋግሜ ባነበው ስሕተቱ አልታይ አለኝ። ለባለቤቴ ብደውል ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

ቁጭ ማለት አቃተኝና ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉንደ ወይን ላይ ሾፌሩ ሰው እስኪሞላ ቆመ። እኔ ወርጄ መኪናውን እዞር ጀመር።

«ልጄ፣ የታመመ ሰው አለሽ?» አሉኝ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ እናት።

«የለም እማማ» አልኩ። መዞሬንም ቀጠልኩ።

ሞጣ እንደደረስኩ ባለቤቴ ምሳ አቀረበ። እኔ ወረቀቱን አወጣሁ።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለኝ።

«ለእያንዳንዱ የተርታው ቁጥር የማያልፈው ወሰን አለ።»

«እንግዲያው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የሚሄደውም ገባ።»

«እንዴት ይገባል? እሱ እኮ ማቆሚያ የለውም።»

«ለአምስት ስድስትን፣ ለመቶ ደግሞ መቶ አንድን ወሰን ብሰጥ ማን ይከለክለኛል? ለእያንዳንዱ ነው ያልሽው።»

ተናደድኩ፤ ልክ ስለነበረ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። እስክሪብቶ አንስቼ ቃላቱን አገለባበጥኳቸው፦ «አንድ ቁጥር አለ፤ የተርታው አባላት ሁሉ ከዜሮ ያላቸው ርቀት ከዚያ ቁጥር አይበልጥም።» ወሰኑ መጀመሪያ ይመረጣል፤ ከተመረጠ በኋላ አይለወጥም።

በዚያው ምዕራፍ ወሰን ላላቸው ፈንክሽኖች ሌላ ብያኔ ልጽፍ ነበር። በክፍሉ ወዲያ ወዲህ ስል ግን ተርታም ራሱ ፈንክሽን መሆኑ ትዝ አለኝ፤ መቁጠሪያ ቁጥር ይቀበልና ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ በማንኛውም ስብስብ ላይ ወሰን ያለውን ፈንክሽን አንዴ ከበየንኩ ይበቃል። ስብስቡን መቁጠሪያ ቁጥሮች ሳደርገው ተርታው ከዚያው ይወጣል።

«ሁለት ብያኔ አያስፈልገኝም» አልኩት።

«ጥሩ፤ አሁን ብዪ» አለኝ። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ቆሜ በላሁ።

እሑድ ተመለስኩ፤ ሰኞ ክፍል አለኝ። አማካሪዬ ምዕራፉን ተቀበሉና ሁለተኛውን ጠየቁኝ። ዝውውሩ እስካሁን አልመጣም፤ ቅዳሜ ሲደርስ ወይ ባለቤቴ ይመጣል፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ።