ውሃው እስኪፈላ

አባቴ ትንፋሽ ሲያጥረው ሐኪሙ በመጀመሪያ የከለከለው የከሰል ጭስ ነበር። ይህን የሰማችው ጎረቤታችን፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ በምንኖርበት ግቢ ከእኛ ጎን ያለችው ባሏ የሞተባት ቦረና ሴት፣ ወዲያው ምድጃዋን አውጥታ ጣለችና የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ገዛች። ለአባቴ ደረት ብላ ነው። በግቢያችን ልማድ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ለጠያቂ ሻይ አያፈላም፤ የሚያፈላው ጎረቤት ነው። ደግነቷን መቼም አልረሳውም። ያን ዕቃ ባየሁ ቁጥር ግን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ይቃጣኛል።

እኔ በኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ለአባቴ ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን በመጣበት ዕለት ደህና ሠራ። በማግስቱ ጠያቂዎች ገብተው ሲቀመጡና ጎረቤታችን ውሃ ስትጥድ መጮህ ጀመረ። ቴስተሬን ሶኬቱ ላይ ብሰካ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት የነበረው ቮልት ወርዶ ተንገዳገደ። መብራቱ ከአከራያችን ቆጣሪ ተነስቶ፣ በቀጭንና በየቦታው በተቀጠለ ሽቦ፣ በጎረቤታችን ቤት በኩል አልፎ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው።

ማሽኑን ነቅዬ ውሃ ማፍያውን ብቻውን ለካሁት። ሰባት አምፒር ይስባል፤ ሲስብም ቮልቱ ወደ መቶ ሰማንያ ሰባት ይወርዳል። የጎደለው አርባ ዘጠኝ ቮልት ነው። ለሰባት ሲካፈል ሰባት ኦም፤ የሽቦው መቋቋም ይህ ነው። አርባ ዘጠኙን በሰባት ሳባዛው ደግሞ ሦስት መቶ አርባ ሦስት ዋት ሆነ፤ ሽቦው በመንገድ ላይ በከንቱ የሚያቃጥለው ኃይል። ማሽኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። አባቴን ለማስተንፈስ ሊበቃ ጥቂት የቀረው ኃይል ግድግዳ ሲያሞቅ ይውላል። ደጋግሜ ሠራሁት፤ ምነው ተሳስቼ በሆነ እያልኩ።

በሁለቱም ሞያሌ፣ በኢትዮጵያውም በኬንያውም በኩል፣ ፈልጌ ያጣሁትን ወፍራም ገመድ ከናይሮቢ አዘዝኩ። የጭነት መኪናው ሹፌር በደወልኩለት ቁጥር «ኬሾ» ይለኛል፤ ነገ ማለቱ ነው። የእሱ ነገ አልነጋም አለ።

እስከዚያው ጎረቤቴን ውሃ ማፍያውን እንዳትሰካ ለመንኳት። እሺ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሳይጮህ ሠራ፤ የአባቴ ከንፈርም ቀለሙ ተመለሰ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ጀመረ። ዕድሜውን በሙሉ ሻይ ቤት ከፍቶ፣ ከኦቦ ገጠር የመጣውንም ከመሃል አገር የመጣውንም ሲያጫውት የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን፣ ምን ባደርገው ነው ሰው የጠላኝ፣ ብሎ ጠየቀኝ። ጠያቂ መቅረቱን ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ለካ በር ላይ ቆማ ትመልሳቸው ኖሯል።

«ስቲማው ይጎዳዋል አልከኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ፤ ኤሌክትሪኩን ማለቷ ነው። «ሻይ ሳላቀምስ ሰውን እንዴት ላስቀምጠው? ዳክታሪ ከልክሏል እያልኩ መለስኳቸው።»

ተመልሼ አባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም አስረዳሁት፤ ቮልቱን፣ አምፒሩን፣ ሽቦው የሚበላውን። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ሒሳብህ ልክ ነው» አለ። «የሰው መድኃኒቱ ግን ሰው ነው። ጥራልኝ፤ ሻይም ይፈላላቸው።»

ጠዋት ተፈልቶ በፔርሙስ ይቀመጥ አልኩት። በእኛ ሰፈር የፔርሙስ ሻይ የለቅሶ ቤት ሻይ ነው። ገና ሳልሞት ለቅሶ ልትቀመጥብኝ ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ፤ ቁጣውም ትንፋሹን ቆረጠው። ተሸነፍኩ። ውሃ በተጣደ ቁጥር፣ በወረደ ቮልት እንዳይቃጠል ማሽኑን ልነቅል፣ ሲፈላ መልሼ ልሰካ ተስማማን።

ሰዉ መጣ። አባቴም ቀና ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ ያን ሳቅ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውሃ በተጣደ ቁጥር ግን መከራዬን አያለሁ። ማፍያው ላይ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት ተብሎ ተጽፏል። መቶ ሰማንያ ሰባት በሰባት ሲባዛ ግን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ይዘገያል። በዚያ በተረገመ ሽቦ ምክንያት የነቀልኩት ማሽን፣ በዚያው ሽቦ ምክንያት ውሃው እስኪፈላ ተነቅሎ ይቆያል። እኔ በአንድ ጆሮዬ የአባቴን ትንፋሽ፣ በሌላው የጎረቤቴን ማፍያ አዳምጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞልቶ፣ ውሃም ተጥዶ ነበር። አባቴ ዝናብ በሶሎሎ መንገድ ላይ ስላስቀረው የጭነት መኪና እያወራ፣ ከሳቁ መሃል ዝም አለ። ዘልዬ ማሽኑን ሰካሁት። መብራቱ በርቶ ጮኸ፤ አየር ግን አልሰጠም። ወደ ጎረቤቴ ማፍያውን ንቀይው ብዬ ተጣራሁ፤ ነቀለችው። አባቴ ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም። ውሃው ገና አልፈላም ነበር።

በለቅሶው ሻይ ከየግቢው በፔርሙስ መጣ። ሰዉ «ፖሌ»፣ አይዞህ፣ እያለ እጄን ጨበጠኝ፤ ውሃ ማፍያውን የነካው አልነበረም። እኔ በእንግዶቹ መሃል ጎንበስ ብዬ ቴስተሬን የአባቴ አልጋ ራስጌ ካለው ሶኬት ሰካሁት። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት አለ። ለአባቴ ይበቃው ነበር።