ከተዝካሩ የተረፈው እንጀራ

መሐል ሜዳ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ጓሮ ቆሜ አፍንጫዬን ይዣለሁ። ስለ ድርቁ ሊመክሩ የተሰበሰቡት ሰዎች ምሳቸውን በልተው ሄደዋል። ዕቃ አጣቢዋ የተረፈውን እንጀራና ወጥ በርሜል ውስጥ ገልብጣ የሳሙና እጣቢ ትደፋበታለች።

“ምን ማድረግሽ ነው?”

“ባለቤቱ ለማኝ ደጁን እንዳይለምድ ብለው ነው እትዬ።”

ከዚህ በፊት እንዲህ ያቅለሸለሸኝ ልጅ ሳለሁ፣ አገሬ ግሼ ነው። ገብሱን ውርጭ በመታበት ዓመት አንድ ባለጸጋ ጎረቤታችን የአባቱን ተዝካር ደገሰ። ብዙ እንጀራ ተረፈው። መነኩሲቷ አክስቴ፣ እማሆይ፣ ለተራበው ጎረቤት እንዲሰጣቸው ደጁ ሄደው ለመኑት።

“ቀሪ እንግዳ አለብኝ” አላቸው።

እንግዳው አልመጣም። እንጀራው ሲሻግት ግን ያ ቆሻሻ ሰው ራሱ አስጠራቸውና “በሉ ይውሰዱት፣ ለነፍስ ነው” አለ። ለነፍስ! ቤቱ በሻጋታ ጠረን ታፍኖ ነበር።

እማሆይ ተሸክመው ወሰዱት። አረንጓዴውን በቢላ እየቆረጡ ጥለው ደህናውን ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ ቄሱን ጠርተው አስባረኩትና በየቤቱ ላኩኝ።

“ትራፊ ነው እንዳትያቸው። ትራፊ ካልሽ አፍረው ይመልሱታል፤ ልጆቹም ጦማቸውን ያድራሉ። ጸበል ጸዲቅ ነው በያቸው። የተባረከ ማንም አይመልስም።”

ማንም አልመለሰም።

አሁን ከበርሜሉ አንድ እንጀራ ጎትቼ አወጣሁ። ከዳር እስከ ዳር አረፋ ይንጠባጠብበታል። እማሆይ ቢኖሩ ቢላቸውን የቱ ጋ ያሳርፉት ነበር?