የነፍስ ነገርና የጠፍር ነገር

መሐላው ያዛት ይላሉ። በውሸት የማለችበት የቤተ ክርስቲያን በር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳት፣ በአራተኛው ጎትቶ አወጣት ይላሉ። የነፍስ አባቴም ይህንኑ በስብከታቸው ሲያወሩት ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ሰዉም ዞር ዞር እያለ አየኝ። ውሸት ነው። ምንም አልያዘኝም። ሦስቱንም ሌሊት እንደ ድንጋይ ተኝቻለሁ። ይህን የምጽፈው ስለተናደድሁ ነው፤ እየፈራሁም ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ወንድሜን ሲያስተምሩት ከግድግዳ ማዶ ሆኜ ነው። የዮሐንስን መልእክት ሳልጨርስ ዳሩኝ። ጽሕፈቴ ቢጣመም ነገሩን አላጣምምም።

የምንኖረው ከዳንጉር ተራራ በታች፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት ወንዝ ዳር ነው። ባሌ መሬት ፍለጋ ከደጋ ይዞኝ ወረደ፤ በሁለተኛው ክረምት ንዳድ ገደለው። እኔና ሴት ልጄ ቀረን። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን የጉሙዝ ሴት ነች፣ የእኔ እኩያ፣ ብቻዋን ማሽላ የምትዘራ። የሰፈሩ ሰው በአንድ የስድብ ስም ይጠራታል። እኔም ጠርቻታለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ባሌ የሞተ ጊዜ የደብሩ ሰው ለተዝካሩ መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ፣ ሄደ። ማሽላዬን አረም ሲውጠው ዞር ብሎ ያየ የለም። እሷ ሳልጠራት ወንዙን ተሻግራ መጣችና ከጫፍ ጀምራ አረመች።

«ምን ልስጥሽ?» አልኋት።

«ማሽላ ሲሞት ማየት መጥፎ ነው» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔስ በምን መለስሁላት? ውሃ የምትጠጣበትን ቅል ለየሁባት። ያልተጠመቀ ሰው የነካው ዕቃ ቤት እንዳይገባ ከውጭ ምሰሶ ላይ ሰቀልሁት። አይታዋለች። አንድም ቀን ነገር አልወጣትም፤ ጠጥታ መልሳ ትሰቅለዋለች። አሁን ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

አንድ ቀን አብረን ስናርም «አንቺ ምን ታመልኪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ሳቀች። በሰባራ አማርኛዋ፣ «አንቺ ብዙ ይጠይቃል። አባቴ የሚለምነው ነገር ነበር። ለኔ ሳያስተምር ሞተ። እኔ እሱን አያውቅም።»

«ታዲያ ማንን ትፈሪያለሽ?»

ትንሽ አሰበችና «ዝንጀሮ» አለች። ማሽላው ሊደርስ ነበር። እኔም ሳቅሁ።

እሳቱ የተነሣው በጥር መጨረሻ ነው፣ እህል ተከምሮ ባለበት። ዳፍኜ ያደርሁት እሳት ጠዋት ጠፍቶ አገኘሁት። ልጄን ገል አስያዝኋትና ከጎረቤታችን ፍም ጭራ እንድትመጣ ላክኋት። ነፋስ ነበረ። አይቼዋለሁ ነፋሱን። ቆይ ይብረድ ማለት ነበረብኝ፤ ለንፍሮ ቸኮልሁ። ልጄ ስትመለስ መንገድ ለማሳጠር በአገሩ ሹም አውድማ በኩል አቋረጠች፤ ነፋሱ ፍሙን ከገሉ ላይ አንሥቶ ክምሩ ውስጥ ከተተው። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ እስከ አውድማው ሜዳ ነው፤ ሁሉንም አይታለች።

ልጄ ባዶ እጇን ገባች። የቀሚሷ ጫፍ ነዷል። «እማዬ፣ ነፋሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም» ስትል አፏን በእጄ ከደንሁት። ቀሚሷን አውልቄ ከጓሮ ቀበርሁት። ከኋላ ሰው ይጮሃል፤ የሹሙ የዓመት እህል ይነዳል።

ለምን እንደፈራሁ ልናገር። ሹሙ የጠፋበትን ነገር በሰው ነው የሚያካክሰው። ከዚያ በፊት ሁለት የድሃ ልጆች «ያገልግሉ» ተብለው ግቢው ገብተው ነበር። አንዲቱ በሁለተኛው ዓመት ሆዷ ገፍቶ ተመለሰች፤ ሌላይቱ አልተመለሰችም። እኔ ያለችኝ አንድ ናት።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። የማያውቀው ካለ፣ አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ያገሩን ሰው ሁሉ አንድ አጥር ውስጥ ሰብስቦ መዝጋት ነው። ከብት ሳይታለብ፣ ሕፃን ሳይጠባ ሁለት ቀን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ተቀመጥን። በመጨረሻ ሽማግሎቹ እያንዳንዱ ይማል አሉ። ክርስቲያኑ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ፣ እስላሞቹ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ደግሞ ሽማግሌያቸው በያዙት ቁርኣን ላይ እየማሉ አለፉ። ተራዬ ደረሰ። «የቤቴ ሰው እጅ የለበትም፤ ካለበት ይህ በር በሰማይ ይዘጋብኝ» ብዬ መዝጊያውን ጎትቼ ዘጋሁት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ልጄ ከኋላዬ ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛለች።

ከሁሉ ኋላ ጎረቤቴ ቀረበች።

«ይህችስ በምን ትምላለች?» አለ ሹሙ።

«በዝንጀሮ!» አለ አንዱ። ለካ የነገረችኝን ቀልድ ለሰው አውርቼው ነበር። ሁለት ቀን የተራበ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባ እንዳትነካው መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። የእስላሞቹም ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ አላቃጠለም» አለች።

«ታዲያ ማን አቃጠለው?»

እኔን አየችኝ። ከኋላዬ ያለችውን ልጄን አየች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ነፋስ» አለች።

«እንግዲያማ ነፋስን ጥሩልኝ! ዋስ ይጥራ!» አለ ሹሙ። እንደገና ተሳቀ። ሳቁ ሲበርድ፣ «ያልማለች እሷ ብቻ ናት። እሷን ልመንና የማላችሁትን ሁሉ ውሸታም ልበላችሁ?» አለ።

ፍርዱ ይኸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የእሳቱን እውነት የተናገረችው እሷ ነች፤ የታሰረችውም እሷ። ከአጥሩ ውጭ ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር እጇን ወደኋላ በእርጥብ የቆዳ ጠፍር አሰሯት። ጠፍር ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ የማያውቅ አልነበረም። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲውል ወደ ሱዳን የሚሻገሩ ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ በእህሉ ፈንታ ባሪያ ሆና ለነሱ ትሰጣለች ተባለ። አጥሩ ተከፈተ፤ ሰው እፎይ ብሎ ወደ ላሞቹ ሄደ። እኔም ሄድሁ።

ሐሙስ ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲሰሙ አለቀሱ፤ እጄንም ያዙኝ።

«ለልጅሽ ብለሽ ያደረግሽው ነው። አርባ ቀን ጹሚ፣ በየቀኑ መቶ መቶ ስገጂ። እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ።

«እሷስ አባ?»

«ማን?»

«ዋንዛው ሥር ያለችው። እሷን ማን ይፍታት?»

«እሷ ያልተጠመቀች ናት፣ ልጄ። ለእሷ የማደርሰው ሥርዓት የለኝም። የነፍስ ነገርና የጠፍር ነገር ለየብቻ ነው። የጠፍሩ የሹሙ ሥልጣን ነው።»

ስወጣ ቀሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ኃጢአቴ ከላዬ ወረደ፤ ጠፍሩ ግን ከእጇ ላይ አልወረደም። እኔ ተፈታሁ፣ እሷ እንደታሰረች ናት። ይህ ምን ዓይነት መፍታት ነው? የእስላሞቹንም ሽማግሌ በመንገድ አግኝቼ «ይህች ሴት ብታሳዝንዎ ለሹሙ ቃል ይናገሩላት» ብላቸው፣ «የኛ ሰዎች ምለው ነጽተዋል፤ ሌላ ነገር ውስጥ አንገባም» አሉኝ። ሁሉም ንጹሕ ነው። አገሩ በንጹሕ ሰው ተሞልቷል።

ዓርብ ቀን ውሃ ይዤላት ሄድሁ። ጠባቂው «ያዘነችላትን ተመልከቱ» ብሎ አላገጠብኝ፣ ግን አልከለከለኝም። ክንዷ እስከ ክርኗ አብጧል፤ ጣቶቿ ጠቁረዋል። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ሳለ እሷ ቀደመችኝ።

«ልጅ ደህና ነው?»

«ደህና ናት» አልሁ። «ለምን አልተናገርሽም?»

«እሱ ትንሽ ነው። እኔ ትልቅ ሰው።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«እግዜር አሁን እዚህ የለም» አለች። «አንቺ ስጪ። ውሃ።»

ወደ አፏ አስጠግቼ አጠጣኋት። እያጠጣኋት ሳለ ነው የገባኝ። ይህች ሴት ገነት እገባለሁ ብላ አይደለም፤ የምትፈራው ገሃነም የላትም፤ የሚያመሰግናት ሰው የለም፤ ቄስም ጽድቅ ብሎ አይጽፍላትም። ልጄ ትንሽ ስለሆነች ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ገነቱንም ገሃነሙንም እያመንሁ ሸጥኋት።

ከሰዓት በኋላ ልጄን ወደ ደጋ ከሚመለሱ የጨው ነጋዴ ሚስቶች ጋር አገናኝቼ ወደ እኅቴ ሰደድኋት። አለቀሰች፤ አልታቀፍኋትም፤ ካቀፍኋት እንደማልለቃት አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገበያው ሳይሞላ ሹሙ ፊት ቆምሁ።

«ጌታዬ፣ እሳቱ ከኔ ቤት ነው። በነፋስ እሳት ያስመጣሁ እኔ ነኝ። እሷን ፍቷት።»

«በሩን ዘግተሽ ምለሽ የለም እንዴ?»

«በውሸት ነው የማልሁት።»

ሰዉ ወይ ጉድ አለ። ያ ሁሉ ሰው የደነገጠው ምን ሰምቶ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሩ በውሸት መዘጋቱን። ሦስት ቀን ያለጥፋቷ ስለታሰረችው ያነሣ አንድ ሰው የለም። አንዷ ባልቴት እንዲያውም «ቸነፈር ታመጭብናለሽ!» ብላ ትቢያ በተነችብኝ።

ሹሙ በሬዎቼን ወሰደ፤ እስከ ሁለት መኸር ድረስ እህሉን እንድፈጭለትም ፈረደብኝ። እኔን ለነጋዴ ሊሰጠኝ አይችልም፤ የተጠመቅሁ ነኛ። ይህን ረቡዕ ቀንም አውቀው ነበር። እኔ የምከስረው በሬና ወገቤን ነው፣ እሷ የምትከስረው ነፍሷን፤ ይህን እያወቅሁ ሦስት ቀን ቆየሁ። ከሹሙም ከአባም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልጄ ደጋ ቀረች፣ እዚያው ተዳረች። ሹሙ አንድ ቀን ትዝ ብሎት ያስመጣታል ብዬ እስከ ዛሬ ድረስ የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወደ በር ወጥቼ መንገዱን አያለሁ።

እሷን ሲፈቷት አላቀፈችኝም። አላየችኝምም። ክንዷን በሌላው ክንዷ ደግፋ ወንዙን ተሻግራ ገባች። እስከ ግንቦት ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ዝናቡ ሲጀምር ወፍጮው ድረስ መጣችና እበሩ ላይ ቆመች። ቀኝ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ጣቶቿ አይታጠፉም።

«ሦስት ቀን» አለች።

«አዎ» አልኋት።

«ይሄ እጅ ዶማ አይዝም። አንቺ ቆፍሪ።»

ይቅርታ አደረግሁልሽ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋት። ስድስቱ ቀን የሹሙ ነው፤ የቀረኝ እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ማሳዋ ገብቼ እቆፍራለሁ፣ እዘራለሁ፣ አርማለሁ። ሁለተኛው ክረምት ይኸው ገባ። ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ሁሉ በማሳው ጫፍ ያልፋል። በውሸት መማሌን እንኳ ረስተውልኛል፤ ይህን ግን አልማሩኝም። ባለፈው አባ ራሳቸው ጥላቸውን ይዘው ቆሙ።

«በሰንበት! አንቺ ሴት፣ በሰንበት!» አሉ።

«ጣቷ ሲታጠፍላት በሰኞ እቆፍራለሁ፣ አባ» አልኋቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለቄስ ስመልስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

«መብረቅ አትፈሪም?»

እንዴት አልፈራም! ሐምሌ ነው፤ በተራራው በኩል እያጉረመረመ ነበር፤ በነጎደ ቁጥር በኔ ላይ የሚወርድ እየመሰለኝ አንገቴን እሰብራለሁ። አባ ራሳቸውን እያወዛወዙ ሄዱ። እሷ ከረድፉ ማዶ በግራ እጇ አረም እየነቀለች ሁሉንም ሰምታለች። ቀና ብላ ከኋላዬ ያለውን ረድፍ ተመለከተች።

«እዚያ አረም ቀርቷል» አለች።

እውነቷን ነው፣ ቀርቷል። ተመልሼ ነቀልሁት።