ትከሻ ላይ የቀረች እጅ

በቀለች ያን ሰሞን ስልኳን ጡቷ ሥር ወሽቃ ነበር የምትውለው። ሽንኩርት ስትከትፍም፣ ወጥ ስታማስልም፣ ጎንበስ ብላ እሳት ስትቆሰቁስም ከዚያ አይወጣም። ሌባ ፈርታ እንዳይመስላችሁ። ሌባ የምትፈራ ሴት አሶሳ መናኸሪያ በር ላይ ያን ሁሉ ዘመን ድስት ጥዳ አትኖርም። የፈራችው ደባልቄን ነው።

ደባልቄ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ምግብ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ፣ የቆርቆሮውን ዳስ አፍርሶ ብሎኬት ያቆመው እሱ፣ ክትፎና ፒዛ ያስገባው እሱ፣ አሁን ደግሞ ለመስቀል ባምባሲ ላይ ሁለተኛ ቤት ሊከፍት ቀለም የሚያስቀባው እሱ ነው። ቤቱን አሳድጎታል፤ ይሄን በቀለችም አትክድም። "አሳደገ እንጂ መች ወለደ?" ነው የምትለው፣ እሱ እየሰማ።

የወለዱትማ እሷና ሳና ናቸው።

በቀለች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከእናቷ ጋር ለሰፈራ ተጭና ስትመጣ ገና ኮረዳ ነበረች። እዚሁ አገባች፣ እዚሁ ባሏን ቀበረች፤ ልጅ አልቀረላትም። ከሰፈራ መንደሩ ወጥታ ከተማ ስትገባ መናኸሪያው አጠገብ ከማንጎ ዛፍ ሥር ያገኘቻት ሳናን ነው፤ የበርታ ሴት፣ ቁመቷ ረዥም፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ። ሳና የባሚያ ወጥ በማሽላ ገንፎ ትሸጣለች፤ ክረምት ሲገባ ለጋ ቀርከሃ ቀቅላ ትጨምርበታለች። በቀለች ሽሮና ምስር ይዛ ከጎኗ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተነጋገሩት ስድብ ነው፤ "ጥላው የኔ ነው፣ የኔ ነው" ተባብለው። ሲቆዩ እሳት ተዋሱ። ሲሰነብቱ ድስታቸውን አንድ አደረጉ። ሥጋ የሚባል አያስገቡም ነበርና ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሾፌሩም አስተማሪውም ከአንድ ድስት ይበላል። ስሙን ያወጣላቸው ሰዉ ራሱ ነው። "ሁለቱ ሴቶች ጋ እንገናኝ" ይባባላል፤ በዚያው ቀረ።

ሲፋቀሩ ግን ማንም አይቷቸው አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ጠባቸው በጨው ነው።

"በቀለች፣ አንተ ጨው በጣም ትወዳለህ!" ትላለች ሳና። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

"ያንቺ ደግሞ የበሽተኛ ምግብ ነው። ሆስፒታል ውሰጅው።"

"ሰፋሪ ምላስ የለውም።"

"ምላስማ ላንቺ ሰጥቶ ጨረሰ።"

እንዲህ እየተባባሉ አንዷ ያጎደለችውን ሌላዋ ትሞላለች፤ ሌላዋ ያበዛችውን አንዷ ታቀጥናለች። ያ ወጥ ልክ ይመጣ የነበረው በጠብ ነው።

እዩኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ ቁርስም ምሳም እነሱ ጋ የሚበላ። ሊመረቅ ሲል "እናቶቼ፣ ዌብሳይት ልሥራላችሁ" አላቸው። ሁለቱም ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ልጁን ደስ ይበለው ብለው ማንጎው ሥር ቆሙለት። ሳና ያን ዕለትም በጨው ተኳርፋ ስለነበር ፎቶው ላይ ፊቷ እንደተኮሳተረ ነው። እጇን ግን በቀለች ትከሻ ላይ ጥላለች። የዚያች እጅ ጀርባ የዘይት ቃጠሎ ጠባሳ አለበት፤ የበቀለች ድስት ያቃጠላት ነው፤ እስክትሞትም ስትሰድባት የኖረችበት። ለመመዝገቢያ ስልክ ሲያስፈልግ ደባልቄ "የልጆች ጨዋታ ውስጥ አታስገቡኝ" ብሎ ወጣ። ስለዚህ የበቀለች ቁጥር ገባ።

ሳና ካቻምና በክረምት ሞተች። ደባልቄ ለግማሽ ቀን እንኳ ቤቱን አልዘጋም። "የስብሰባ ምሳ አለብን" አለ። በቀለች ለስብሰባተኛው ምሳ ስታማስል ቀብሩ አለፋት። ይሄን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

እንግዲህ ዘንድሮ ደባልቄ ዌብሳይቱ አርጅቷል ብሎ ቤዚ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ቀጠረ። ባሏ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ እሷ በኮምፒውተር ትሠራለች። ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ አዲሱን ሥራዋን ልታሳይ ኩሽና ድረስ መጣች። በቀለች እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጠጋ አለች። ነጭ ረዥም ቆብ የደፋ ፈረንጅ ቲማቲም ይዞ ይስቃል። ከላይ በትልቁ "ደባልቄ ኢንተርናሽናል ሬስቶራንት" ይላል።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"ሼፍ ነው እማማ፤ ለማሳያ ነው።"

"የት ነው የሚሠራው?"

"የትም አይሠራም። ፎቶ ነው።"

"ታዲያ ሥራ የሌለው ሰው ምን ያስገለፍጠዋል?" አለች በቀለች። "እኛስ የት ገባን?"

ቤዚ አንገቷን ሰበረች። "ያኛው ፎቶ ደብዝዟል እማማ። ደግሞ ጋሽ ደባልቄ... ለኢንተርናሽናል አይሆንም አሉ።"

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። ቤዚ አዲሱን ማስቀመጥ ያለባት በአሮጌው አድራሻ ላይ ነው፤ ሰው አሶሳ ውስጥ ምግብ ቤት በስልኩ ሲፈልግ የሚያገኘው "ሁለቱ ሴቶች" የሚለውን ነውና። አሮጌውን ለመክፈት ደግሞ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ እዩኤል ተደውሎለት ረስቼዋለሁ ብሏል። አዲስ ሲጠየቅ ስድስት ቁጥር ያለው ኮድ ይላካል፤ የሚላከው በበቀለች ስልክ ነው፤ ያውም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሞታል።

ቤዚ ነካ ስታደርገው ስልኩ በቀለች ደረት ላይ ነዘረ።

"እሱ ነው እማማ! ቁጥሩን ይንገሩኝ።"

በቀለች አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ወሸቀችው። "ባንኩ በየጊዜው 'የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ' እያለ ይልክልኛል። የባንክ ትእዛዝ ልሻር?"

"ይሄ እኮ የባንክ አይደለም!"

"ቁጥር ቁጥር ነው የኔ ልጅ።"

ደባልቄ መጣ። ሲገባ "እትዬ በቀለች" አለ፤ ጥቂት ቆይቶ "በቀለች" አለ፤ ኋላ "አንቺ ሴትዮ" ሆነ።

"የምልህ አንድ ነገር ነው" አለችው። "ሳናን መልሳት፣ ቁጥሩን ውሰድ።"

"ሳና ሞታለች!"

"ሞታለችማ። አንተ የስብሰባ ወጥ ስታስቀምስ ነው አፈር የገባችው።"

"የሙት ፎቶ ለጥፌ ነው ባምባሲ የምገባው? ገበያ ነው የምከፍተው ወይስ ተዝካር?"

"ፈረንጁስ በሕይወት ለመኖሩ ምን ማስረጃ አለህ?"

አስተናጋጆቹ በር ላይ ተኮልኩለው ነበር፤ አንዷ ሳቅ አመለጣት። ደባልቄ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ስልኩን ሊቀማት እጁን ሰደደ፤ በቀለች ማማሰያውን ከነወጡ አነሳች።

"ና ሞክር" አለችው። "ንፍጥህን ስጠርግልህ አድገህ ዛሬ ደረቴ ላይ እጅህን ልትሰድ?"

ሰው ያያል ብሎ እጁን ሰበሰበ። "አሳይሻለሁ" ብሎ ሄደ፤ ያሳያትም ሽማግሌ ልኮ ነው። ለስድስት ቁጥር ሽማግሌ የተላከባት ሴት አሶሳ ከሷ በፊት አይታ አታውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓሮው ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰፈራ መንደር የመጡ የደባልቄ ወገኖች ናቸው። ሦስተኛው ሼህ ኡመር፣ የሳና ታላቅ ወንድም። ደባልቄ እሳቸውን የጠራው ብልጥ ነኝ ብሎ ነው፤ በቀለች ሼህ ኡመርን ፊት ለፊት አታሳፍርም። የነገራቸው ግን "የቤተሰብ ጠብ ነው" ብቻ ነው።

ቤዚ ኮዱን አስላከች። የበቀለች ስልክ ነዘረ። ሽማግሌዎቹም ምርቃት ጀመሩ። አገሩን መረቁ፣ ዝናሙን መረቁ፣ ቤቱን መረቁ፤ ወደ ነገሩ ሳይገቡ ኮዱ ሞተ። ሁለተኛ ተላከ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ተነሡ፤ የደባልቄና የበቀለች ባል አባት ማን እንደነበሩ፣ በመንገድ ማን እንደሞተ፣ ማን ማንን እንዳዘለ።

"አባቶች፣ ይቅርታ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያለን" አለች ቤዚ።

"ልጄ፣ ሽምግልና በደቂቃ አይሆንም። አንቺን ያጋቡሽ በደቂቃ ነው?"

ሁለተኛውም ሞተ። በቀለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቋን ዋጠች።

ደባልቄ ትዕግሥቱ አለቀ። "እሺ! ይሄው ሽማግሌ ይመስክር፤ ፎቶዋ ይገባላታል። ተሠርቶላታል። እሷም ቁጥሩን ትስጥ። ቤዚ፣ አሳዪያቸው።"

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። "ይኸው! ክብርሽ ተመለሰ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ?" አሉ። ኮምፒውተሩ ከጭን ጭን ዞረ። በቀለች አየችው፤ ማንጎው የለም፣ ሳና የለችም፤ እሷ ብቻዋን በነጭ ላይ ቆማለች፤ አሻግረው ሲያዩዋት የመታወቂያ ፎቶ ነው የምትመስለው። ለሼህ ኡመር አሳለፈችው።

ሼህ ኡመር መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ብዙ ቆዩ።

"ይሄ እጅ የማን ነው?" አሉ።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። በቀለች ትከሻ ላይ እጅ አለች። ክንድ የላትም፣ ባለቤት የላትም። ጠባሳዋ ግን እንዳለ ነው።

"ውይ፣ ሳላያት አልፋኝ ነው" አለች ቤዚ። "አሁኑኑ አጠፋታለሁ።" ምነው አፏን በያዘው!

"ታጠፋለህ?" አሉ ሼህ ኡመር፤ ፊታቸውን ግን ወደ ደባልቄ ነው ያዞሩት። "እኛ ይሄን እጅ አንድ ጊዜ ቀብረናል። አንተ ያን ቀን አልመጣህም። ዛሬ ሁለተኛ ልትቀብር ነው? እኔን ደግሞ ለዚህ ለምንልኝ ብለህ ጠራህ?"

"ሼህ፣ የሥራ ነገር ነው፤ ዘመኑ..."

"ሁለቱ ሴቶች ይላል ስሙ። አንዱን ጥለህ ስሙን ትፈልጋለህ። ይሄ ሥራ አይደለም።" ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። በቀለች አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ። "በቀለች፣ ቁጥሩን ለማንም አትስጥ" አሉና ወጡ።

አትስጥ። ልክ እንደ ሳና፣ ወንድና ሴት ሳይለዩ። በቀለች ከቀብሩ ቀን ወዲህ ያላወጣችው እንባ ያኔ መጣባት፤ ደባልቄ ፊት ግን አላፈሰሰችውም።

እሱም በዓይኑ ጠቀሰና ቤዚ እንደገና ነካች። ስልኩ ነዘረ።

"ወይ ቁጥሩ፣ ወይ ኩሽናው!" አለ ደባልቄ ቆሞ። "እዚሁ ምረጪ!"

"ኧረ ተው ደባልቄ፣ የወንድምህ ሚስት ናት..." አሉ ሽማግሌዎቹ። አልሰማቸውም።

በቀለች ስልኩን አውጥታ ጭኗ ላይ በግንባሩ ደፋችው፤ እጇንም ከላዩ አሳረፈች።  ደባልቄ ይንጎራደዳል፤ ሽማግሌዎቹ መሬት ያያሉ። እንዲያ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ።

"ሞተ ልጄ?" አለች በመጨረሻ።

ቤዚ ሰዓቷን አየች። "ሞተ እማማ።"

በቀለች ተነሣች። ኩሽና ገብታ የሳናን ጥቁር ድስት ከነጥላሸቱ ጎኗ ላይ አቅፋ ወጣች። ቀሚሷ ጠቆረ፤ ግድ አልሰጣትም። ደባልቄ "ድስቱን አስቀምጪ!" ብሎ ጮኸባት፤ ዞራ እንኳ አላየችውም።

የባምባሲው ቤት ለመስቀል ተከፈተ። ቤዚ ለደባልቄ በሌላ አድራሻ ሌላ ዌብሳይት ሠራችለት፤ ባለ ቆቡ ፈረንጅ እዚያ ይስቃል። አሮጌው እንዳለ ነው፤ ደብዛዛ ፎቶ፣ ማንጎ፣ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ እንደተኮሳተረች። ሥሩ የበቀለች ቁጥር። ደባልቄና በቀለች መንገድ ላይ ቢገናኙ አንዳቸው ወዲያ ማዶ ይሻገራል፤ ሰላምታ የለም፣ ለቅሶም አይደራረሱም።

እሷ ከመናኸሪያው አጠገብ የድሮው ዛፍ ሥር ተመልሳለች። የሳና ድስት ላይ ባሚያ ታበስላለች። ጠዋት ጠዋት ጨው ከጨመረች በኋላ ማማሰያውን ይዛ ትንሽ ትቆማለች፤ የሚሰድባት ትጠብቃለች። የሚሰድባት የለም። ስለዚህ ወጧ ሁልጊዜ ጨው ይበዛዋል።

ሰው አሁንም ይደውላል። ባለፈው አንዱ ሾፌር ከቶንጎ ደወለ።

"ሁለቱ ሴቶች ነው? ለምሳ እንደርሳለን፤ የት ጋ ናችሁ?"

"ባለ ነጭ ቆቡን ነው የፈለግከው?"

"የቱ ነጭ ቆብ?"

"እሱን ከሆነ ብሎኬቱ ጋ ነው። ምላስ የላቸውም፤ ጨው ይዘህ ሂድ።"

ሾፌሩ ሳቀ። "እናንተ ጋስ እናቴ?"

በቀለች ከድስቱ ጨልፋ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ።

"እኛ ጋ" አለች፣ "ውሃ ይዘህ ና።"