ሣር ያጎረስነው ጎማ

አባቴ ቁልፉን የሰጠኝ ወዶ አይደለም። ወባ ጥሎት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ከረመና በአራተኛው ቀን ማለዳ ከትራሱ ስር ቁልፉን አውጥቶ ዘረጋልኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ከግቢያችን እስከ ወንዙ ከመንዳት ሌላ አልፈቀደልኝም።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አለኝ። «ነጋዴው ከጋምቤላ ገበያ ከስድስት ሰዓት በፊት ጭኖ ይወጣል። ማንጎው ከደረሰ መኪናዋን አንቺ ትይዣለሽ። ካልደረሰ ለእህትሽ ባል እሰጠዋለሁ።»

የእህቴ ባል ጋምቤላ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ባየኝ ቁጥር «አንቺ መሪ ከያዝሽ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» ይለኛል። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቷል፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መዋል ደግሞ አይሆንልኝም። ከዚያ መንደር የምታወጣኝ እሷ መኪና ብቻ ነበረች። ስለዚህ አባቴ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት እኔ ሞተር አስነስቻለሁ። ጎማ አላየሁም፣ ከስር አላየሁም፣ ምንም አላየሁም። ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

የምንኖረው አቦቦ ወረዳ ውስጥ፣ በሰፈራው ጊዜ ቁጥር ተሰጥቶት ቁጥሩ ስሙ ሆኖ በቀረ መንደር ነው። ማንጎውን በማዳበሪያ ከረጢት የጫነችው ፒካፓችን በዕድሜ ትበልጠኛለች። አጠገቤ የመንደራችን ጎሚስታ ተቀምጧል። ጎሚስታ ስል ሱቅ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ማንጎ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ የሞተርና የብስክሌት ጎማ የሚለጥፍ፣ የአባቴ እኩያ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ አኙዋ ነው። አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ነው፤ ሲናገረው ቃል አያባክንም። ማስቲሽና መለጠፊያ ስላለቀበት ከተማ ሊገዛ ነው የተሳፈረው። ጋሼ ነው የምለው፣ በአንቱታ።

ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን ከኋላ አንድ ነገር ጓ አለ። መኪናዋ ወገቧን እንደተመታች ሁሉ ወደ ቀኝ ዘመመች። እንደምንም ጥግ አስይዤ ወረድኩ። የኋላው ቀኝ ጎማ ጎኑ ተቀዷል፤ አራት ጣት ያስገባል።

«ችግር የለም» አልኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎማ መቀየር እንደምችል ለዚህ ሰውዬ ላሳየው ነው። ትርፉ ጎማ፣ እስኮርታው፣ ከጭነቱ ስር በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚንጠለጠለው። በደረቴ ተስቤ ገባሁ።

ሰንሰለቱ አለ። ጎማው የለም።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰንሰለቱን ደጋግሜ ዳሰስኩት። በእጄ ስነካው የሚመጣ ይመስል።

«እስኮርታው የታለ?» አልኩ ወጥቼ።

ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ የተቀደደውን ጎማ ይዳስሳል።

«አንተን እኮ ነው!» አንቱታው እዚያው መኪናዋ ስር ቀርቷል። «ትናንት ግቢያችን ውስጥ ከመኪናዋ ስር ተኝተህ አይቼሃለሁ። ምን ስትሠራ ነበር?»

«ብሎን አጠብቅ ነበር።»

«ጎማውስ?»

«አባትሽን ጠይቂ።»

«አባቴ ታሞ ተኝቷል! እዚያ መንደር ጎማ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ካንተ ሌላ ማን አለ? ሸጠኸዋል አይደል? ሌባ!»

አየኝ። ቁጣ ፈለግሁበት፤ የለም። ያዘነልኝ ነው የመሰለኝ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። የተሰደበ ሰው ለምን አይቆጣም? ካልሰረቀ ለምን አይምልም? ከሰረቀስ ለምን አብሮኝ ይሳፈራል? ግራ ገባኝ። ስልኬን ሳወጣ ኔትወርክ የለም።

አንድ አይሱዙ መጣ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ እንደተነፈሰ ቀስ እያልሽ ንጂው» አለኝ።

«ቸርኬው፣ ብረቱ፣ አይጎዳም?»

«ይጎዳል። ግን ትደርሻለሽ።» ሄደ።

ወዲያው ሞተር ሳይክል ቆመ፤ ላዩ ላይ ሁለት ሰውና አንዲት ፍየል አሉ። «እንዳትነጂው!» አለ የፊተኛው። «ቸርኬው ከተጣመመ አበቃልሽ። ጎማውን ፍቺና በእኛ ከተማ ላኪው።»

«የት ላይ ልትጭኑት?»

«ፍየሏን አንቺ ትይዥልናለሽ።»

ከልቡ ነው። ፍየሏ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ማንጎ ላደርስ ወጥቼ የማላውቀውን ሰው ፍየል ይዤ መንገድ ዳር ልቆም ነው? ካልተመለሱስ? አንዱ ንጂ ይላል፣ አንዱ አትንጂ ይላል፤ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፤ እርግጠኛ ያልሆንኩት እኔ ብቻ። አይሆንም አልኳቸው። ከነፍየላቸው ሄዱ።

ዞር ስል ጎሚስታው የለም። ጥሎኝ ጠፋ አልኩ፤ እንግዲህ ሌብነቱ ተረጋገጠ ብዬ ልቤ ትንሽ ማረፍ ሲጀምር ሣሩ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ወሩ ግንቦት ነው፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ጎሚስታው አንድ እቅፍ ሣር ይዞ ወጣና እግሬ ስር ዘረገፈው።

«ቁረጪ» አለኝ።

«ለፍየሏ ነው? ሄዳለች እኮ።»

«ለጎማው።»

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። እሱ ግን መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ብሎኑን ፈታ፣ ጎማውን መሬት ላይ አጋደመ። ሁለታችንም ላዩ ላይ እየዘለልን ከቸርኬው አላቀቅነው። ቡትቶ የሆነውን የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ ጎትቶ ጣለና ሣሩን እየጠቀለለ በአንድ በኩል ማጉረስ ጀመረ። እኔ አጭዳለሁ፣ እሱ በዱላ እየወቀጠ ይጠቀጥቃል። በቃ ሞላ ስል «ጨምሪ» ይላል። ዙሪያውን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ድረስ «ጨምሪ» ነው። ሣሩ መዳፌን ቆራርጦታል። ፀሐዩ ማዳበሪያዎቹ ላይ ወርዶ ማንጎው መሽተት ጀምሯል፤ ጥሩ ሽታ ነው፣ ግን ሲበስል የሚሸት ፍሬ ብዙ ጊዜ የለውም። በየመሃሉ ሰዓቴን አያለሁ፤ የእህቴ ባል ቁልፉን ጣቱ ላይ ሲያሽከረክር ይታየኛል።

ጎማውን መልሰን አሰርነው። ማዳበሪያዎቹን ወደ ግራና ወደ ፊት አዛውረን ተነሳን። ከሰው ሩጫ ብዙም አንፈጥንም። ሣሩ በቅዳዱ ሲያፈተልክ ቆመን እንመልሳለን፣ እንጨምራለን። ሌባ ብዬ የሰደብኩት ሰው አጠገቤ ተቀምጧል፣ መኪናዬን ያስኬደው እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ እሱ ላይ ያለኝን ንዴት የት እንደማኖረው ጠፍቶኛል።

ከተማው ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው።

«ደረስሽ?»

«አባዬ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው። እስኮርታው ደግሞ ተሰርቋል!»

«የትኛው ጎማ ነው የፈነዳው?»

«የኋላው ቀኝ።»

ሳል ያዘው።

«እሱ ራሱ እኮ ነው እስኮርታው። እዚያ የነበረው የድሮው ጎማ ካለቀ ሦስት ወር ሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን አባቴ፣ አላውቅም።

ሌላ ምን ልሠራ እችል ነበር፣ ነዳሁ። ጥቂት ቆይቼ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስሰድብዎት ለምን ዝም አሉ?»

«አባትሽ አደራ አለኝ። ካወቀች ትፈራለች፣ አትነዳም አለ።»

ይሄንን ነው ዛሬም ድረስ የማገላብጠው። አባቴ እንድነዳ ፈልጎ ነው የደበቀኝ? ወይስ ጎማ መግዛት አቅቶት አፍሮ ነው? ወይስ መንገድ ላይ ቀርቼ ቁልፉን ራሴ እንድመልስለት? ሦስቱንም አስባቸዋለሁ፤ እንደ ቀኑ ይለዋወጡብኛል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት።

«ለየቱ?»

«ሌባ ስላልኩዎት።»

«መንገዱን እዪ» አለኝ።

ገበያው ጋ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የነጋዴው አይሱዙ ግን ቆሟል። ሹፌሩም ጫኞቹም የሉም። እየቆየ ከመስጊድ መምጣት ጀመሩ፤ ነጋዴው ነጭ ቆቡን እያስተካከለ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ከሶላት በፊት ልወጣ ነበር፤ ሹፌሩ ሰግደን እንውጣ ብሎኝ ነው። ዕድለኛ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተንጨበረረውን ጎማ አየ። «ልጄ፣ ይቺን መኪና ትነጂያታለሽ ወይስ ታሰማሪያታለሽ?»

ጫኞቹ ሁሉ ሳቁ። ጎሚስታውም ሳቀ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ከስር የነበሩት ማዳበሪያዎች ሞቀው ነበር፣ ነጋዴው ግን ወሰዳቸው።

አሮጌ ጎማ አስገጥመን ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቴ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። እጁን ዘረጋ። ለቁልፉ ነው። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፦ ደርሷል ግን ዘግይቷል፣ ዘግይቷል ግን ጥፋቱ ያንተ ነው፣ እያልኩ። አንዱም አልወጣልኝም።

«ስለዚህች መኪና ያልነገርከኝ ሌላ ነገር አለ?» አልኩት።

እጁ እንደተዘረጋ አሰበ። የምሩን አሰበ።

«ፍሬኗ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል» አለ።

«እሱን አውቀዋለሁ።»

«ሲዘንብ ደግሞ የግራው በር ከውጭ አይከፈትም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለና እጁን ሰብስቦ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ። ሰጠኝ ይባላል ወይስ መቀበሉን ተወው ይባላል፣ እንጃ። ጠዋት ግን ከሁሉ አስቀድሜ ከመኪናዋ ስር ገባሁ።