ከቀለህ የተቆረጠ ሎቲ

ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ አካባቢ አንዲት ትንሽ የጌጣጌጥ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጯ ወጣት ናት። «እናቴ፣ ይሄን ይሞክሩት፤ ሁሉንም ከወዳደቀ ነሐስ ነው የምንሠራው» ብላ ምንም ፈርጥ የሌለው ቀጭን ሎቲ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። መዳፌ ውስጥ ሲሞቅ ሽታው ወጣ፤ ሳንቲም ጨብጦ የዋለ እጅ የሚሸተው ዓይነት። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ያን ሽታ የማውቀው ከታላቅ እህቴ እጅ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ከቦሌ ወዲያ፣ መንደሩ አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ዳር ላይ ነበር። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ከሟቹ አባታችን የቀሩትን ሞረድ፣ ፒንሳና የብረት መጋዝ ይዛ ጓሮ ትውላለች። ከተሰበረ የውሃ ቧንቧ ቀለበት፣ ከተቃጠለ ዲናሞ ሽቦ አምባር ታወጣ ነበር። አበባ አትቀርጽበትም፣ ፈርጥ አትጨምርበትም። እናታችን «ምነው ትንሽ እንኳ ብታስጌጪው?» ስትላት፣ «እማዬ፣ ሰው የሴትዮዋን ፊት ይይ እንጂ ጆሮዋ ምን ያደርግለታል?» ትላት ነበር።

እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በጎሮ በኩል ዞርኩና ሚሊሺያዎች ተኩስ የሚለማመዱበት ሜዳ ላይ ቀለህ አገኘሁ። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ ነሐስ ማለቴ ነው። ደስ ይላታል ብዬ ሰባት ለቅሜ አመጣሁላት። ፊቷ ተለወጠ።

«ሰው አይቶሻል?»

«ማንም አላየኝም።»

«ሁለተኛ እዚያ እንዳትሄጂ።»

ልትጥለው ፈልጋ ነበር። ግን ነሐሱ ጥሩ ነበርና እጇ እምቢ አላት፤ ጣሳ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሰሳ መጣ። ጠመንጃ ያነገቱ ሦስት የቀበሌ ጠባቂዎች ፍራሹን ገለበጡ፣ ጤፉን ደፉ። ጓሮ የዞረው፣ ጢሙን የተላጨው ጎልማሳ፣ ጣሳውን ይዞ ተመለሰና እግራችን ሥር ገለበጠው። የቀለሁ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ጥይቱስ የታለ?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ እግሬን ረገጠችኝ።

«ጥይት የለም። እኔ ነኝ ከሜዳ የለቀምኩት። ጌጥ ልሠራበት ነው።»

«ከዚህ ጌጥ? ሥሪና አሳዪኝ።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀለሁን በፒንሳ ያዘችና መጋዙን አሳረፈችበት። ሰውየው ጠመንጃውን አውርዶ በላይዋ ቆሟል። ከመጋዙ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ቀጭን ክብ ቆርጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰንጥቃ ከፈተችው፤ ከዚያ ጠርዙን በሞረድ ታለሰልስ ጀመር። ስታለሰልስ ቆየች። እኔ ሥራው ባያልቅ፣ ሞረዱ ባይቆም እያልኩ እጸልይ ነበር፤ እስከሠራች ድረስ የሚወስዷት አልመሰለኝም። የነሐሱ ዱቄት ጉልበቷ ላይ በፀሐይ ያበራል። እጇ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

ጨርሳ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው። ሰውየው በጣቱ ይዞ አገላበጠው።

«እውነትም ሎቲ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። ያመናት መሰለኝ። ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ሎቲውን ኪሱ ከተተና «ነጠላሽን ያዢ፤ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አላት።

ክረምቱን ሙሉ አልነበረችም። እናቴ በየማለዳው ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ ባዶው ሳህን ሲመለስ እህቴ በሕይወት አለች እንል ነበር። እኔ ቀለሁን ማን እንዳመጣው ለማንም አልተናገርኩም።

መስከረም ላይ ለቀቋት። ከስታ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እናቴ ገላዋን አጥባ አልጋ ላይ ካስቀመጠቻት በኋላ አጠገቧ ሄድኩ።

«እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጸጉርሽ ምን ሆኗል? ማንም አልሠራሽም እንዴ?» አለችኝ። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አንድ ሹሩባ ጀመረች፤ ፈታችው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ፈታችው። ጣቶቿ ጸጉሬን መያዝ አልቻሉም። አልዞርኩም፣ አልጠየቅኩም። ጀርባዬን ለጉልበቷ ሰጥቼ፣ እስክትጨርስ ድረስ ቀኑን ሙሉም ቢሆን ልቀመጥላት ቆረጥኩ።